ስለ ጨፈቃ ቀፎ አሠራርና ስለ ንብ አያያዝ

ንብ ከሰው ጋር በአንድ ግቢ ከሚኖሩት እንስሳት ሁሉ ትለያለች። በሬ ጭድ ይሻል፤ ዶሮ ጥሬ ትሻለች፤ ፍየልም ቅጠል ካላገኘች አታድርም። ንብ ግን ቀለብዋን ራስዋ ከዱር ለቅማ ትመጣለች፤ ከጌታዋም አብዝታ የምትፈልገው ደህና ቤት ነው። እንግዲህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የተነሣሁት ስለዚሁ ቤት ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ተማሪ ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ በጭቃና በጨፈቃ ሊሠራው ስለሚችለው ቀፎ ነው።

አገራችን ዋግ ለንብ የተመቸች ናት። ሰቈጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከርስዋ ወደ አበርገሌና ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ አበባውም እየተለወጠ ይሄዳል። ክረምታችን አጭር ነው፤ አንዳንድ ዓመትም ዝናቡ ጨርሶ ያሳፍረናል። ነገር ግን ዝናቡ ደህና ጥሎ መስከረም ሲጠባ ሜዳውን አደይ አበባ፣ ድንጋያማውን ተረተር ደግሞ መንተሴ ይሸፍነዋል። ትግሬዎች ጠበብ የሚሉት ይህ ቍጥቋጦ ነጭ ማር ከሚሰጡት አበቦች አንዱ ነው፤ የሰቈጣም ማር በነጭነቱ የታወቀ ነው። በጎረቤታችን በላስታ ደግሞ ላሊበላ የሚለው ስም በአገውኛ «ንብ ንግሥናውን አወቀች» ማለት ነው እየተባለ ይተረካል፤ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት ይባላልና። ነገሩ ትውፊት ነው፤ ቢሆንም የአካባቢያችን ሰው ንብን በምን ዓይን ሲያይ እንደ ኖረ ያሳያል።

አባቶቻችን የሚሠሩት ቀፎ ድቡልቡል ሆኖ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። ከጨፈቃ ወይም ከሸምበቆ ተጠልፎ በእበትና በጭቃ ይመረግና ከቤት ግድግዳ አጠገብ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀመጣል። ይህን ቀፎ የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልንቀውም። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቀን ሙቀትንና የሌሊት ብርድን ይከላከላል፤ ንቡም ይወደዋል። ዋናው ጕድለቱ አንድ ነው። የማሩ እንጀራ ከቀፎው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ሳይቈርጡ ማውጣት፣ ካወጡም በኋላ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ማር ቈራጩ በጭስና በጨለማ እጁን አስገብቶ ያገኘውን ይቈርጣል፤ ከማሩ ጋር እጩም እንቍላሉም አብሮ ይወጣል። በንብ አያያዝ የታወቁ አንድ ሽማግሌን «አባባ፣ እጭ ያለበትን እንጀራ በምን ይለዩታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በጭስ ውስጥ ዓይን ምን ያያል? እጄ ነው የሚያየው፤ እጅ ደግሞ አንዳንዴ ይስታል» አሉኝ።

እጅ ሲስት የሚደርሰውን ጕዳት ለማወቅ የቀፎውን ኑሮ መረዳት ያስፈልጋል። በአንድ ቀፎ ውስጥ እንቍላል የምትጥለው አንዲት ብቻ ናት። እኛ አውራ እንላታለን፤ የጥንት ግሪኮችም ንጉሥ ይሏት ነበር፤ ሁላችንም ወንድ መስላን ኖራለች ማለት ነው። እርስዋ ግን እናት ናት። በአበባ ወራት በቀን ከ1000 በላይ እንቍላል ልትጥል ትችላለች። እንቍላሉ ከተጣለ በኋላ ንግሥት በ16 ቀን፣ ሠራተኛ ንብ በ21 ቀን፣ ድንጉላ ንብ በ24 ቀን ገደማ ይወጣሉ። እንግዲህ እጭ ያለበትን አንድ እንጀራ ቈርጦ የጣለ ሰው በ3 ሳምንት ውስጥ ለሥራ ሊሰማሩ የነበሩትን ብዙ ሠራተኞች አጠፋ። ንግሥቲቱ ራስዋ በቢላዋው ከተነካች ደግሞ ንቡ ሌላ ንግሥት ለማሳደግ ገና ሕፃን የሆነ እጭ ያስፈልገዋል፤ ያም ከተቈረጠ ቀፎው ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ችግር በውጭ አገር የፈታው አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1851 ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት ሲያገኙ መተላለፊያ አድርገው እንደሚተዉት፣ ከዚያ ከጠበበ በሙጫ እንደሚደፍኑት፣ ከሰፋም እንጀራ እንደሚሠሩበት አስተዋለ። በዚህም ልክ እንጀራው በፍሬም ተንጠልጥሎ የሚወጣና የሚገባ የሣጥን ቀፎ ሠራ። በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ገደማ የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ዘመናዊ ቀፎ ብዙ ትምህርት ተሰጥቷል። የሣጥኑ ቀፎ መልካምነት አይካድም። ነገር ግን የተሰነጠቀ ጣውላ፣ በመኪና የታተመ ሰምና የማር ማጣሪያ መኪና ይፈልጋል። ጣውላ በዋግ ከየት ይመጣል? ከተራሮቻችን የተረፈው ወይራና ጥድ አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚገኘው ነው፤ እርሱን ለቀፎ እንቍረጥ የሚል ሰው አይኖርም። አንድ የሣጥን ቀፎ ተሰጥቶት ሰሙን በየጊዜው መግዛት ስላቃተው እህል ማስቀመጫ ያደረገውንም ገበሬ አይቻለሁ።

በሁለቱ መካከል ያለው የሽግግር ቀፎ የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት ቀፎ ከላይ በርብራብ የተከደነ፣ ጎኑ ዘመም ያለ ሲሆን፣ በጭቃና በጨፈቃ ሲሠራ ጨፈቃ ቀፎ ይባላል። ንቡ ከእያንዳንዱ ርብራብ ላይ አንድ እንጀራ አንጠልጥሎ ይሠራል፤ ጌታውም አንዱን ርብራብ አንሥቶ አይቶ፣ እጭ ከሆነ ይመልሰዋል፤ የታሸገ ማር ከሆነ ይቈርጠዋል። ሌላው ሁሉ ከአባቶቻችን ቀፎ ብዙ አይለይም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምለምነው ስለ ርብራቡ ስፋት ነው። የርብራቡ ወርድ 3 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይህን ልክ ንቆ «3 ወይም 4 ቢሆን ምን ይጐዳል?» ይላል። ይጐዳል። የኛ አገር ንብ ከአንዱ እንጀራ መካከል እስከ ሌላው እንጀራ መካከል የምትተወው ርቀት ይኸው 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፓ ንብ ግን በአካል ስለምትበልጥ 35 ያህል ትፈልጋለች። አሁን በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ሰው ርብራቡን 35 ሚሊ ሜትር አድርጎ ቢሠራ በእያንዳንዱ ርብራብ 3 ሚሊ ሜትር ስሕተት ይገባል። በ5ኛው ርብራብ ስሕተቱ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የርብራቡ እኩሌታ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ንቡ በራሱ ልክ ከሄደ እንጀራው በርብራቡ መካከል መሆኑ ቀርቶ በሁለት ርብራቦች መጋጠሚያ ላይ ይሠራል። ያን ጊዜ አንዱን ሲያነሡ ሁለቱም ይቀደዳሉ፤ ቀፎውም ስሙ ብቻ ተለውጦ እንደ ድሮው ሆነ። ጭቃው ቢጣመም ንቡ ይታገሣል፤ ርብራቡ ከተሳሳተ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በቀፎው ውስጥ ገንዘብ ማውጣት የሚያስፈልግ ቢሆን በርብራቡ ላይ ይውጣ፤ ደህና አናጢ በመጋዝና በመላጊያ አስተካክሎ ይሥራው። ለልክ የሚሆን አንድ እንጨት በተማሪ ማስመሪያ ለክቶ መስጠት ይበቃል።

የቀፎው መጠን እንዲህ ነው። የርብራቡ ርዝመት 48 ሴንቲ ሜትር፣ የአፉ ውስጣዊ ስፋት 44፣ የወለሉ ስፋት 19፣ የዘመመው ጎን ቁመት 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጎኑና ወለሉ የሚገናኙበት ማዕዘን 120 ዲግሪ ይሆናል፤ በጂኦሜትሪ የተማርነውን የሚያስታውስ ሁሉ ከነዚህ ቍጥሮች ሊያረጋግጠው ይችላል። ጎኑ መዝመሙ ለውበት አይደለም። ንብ በተፈጥሮዋ እንጀራዋን ወደ ታች እያጠበበች ትሠራለች፤ በዘመመ ግድግዳም ላይ እንደ ቀጥተኛው አታጣብቅም። 28 ርብራብ ሲደረደር 89 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ይሆናልና የቀፎውን ውስጣዊ ርዝመት 90 ማድረግ ነው፤ የምትተርፈውን ጥቂት ክፍተት ንቡ ራሱ ይደፍናታል።

ጨፈቃው ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከሸምበቆ ይሁን፤ እርሱ ከታጣ የደረቀ የማሽላ አገዳም ያገለግላል። በልጥ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ለምርጊቱ የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይደር፤ ያልበሰለ ጭቃ ይሰነጠቃል። ከውስጥና ከውጭ ከተመረገ በኋላ በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ቸኵለው ነው፤ ኋላ ስንጥቁን ሲደፍኑ የሚፈጀው ጊዜ ይበልጣል። ሲደርቅ በእበትና በአመድ ልስን ማድረግ ነው። ከፊቱ በኩል ከወለሉ አጠገብ ጣት የማታስገባ፣ ንብ ግን የምታስወጣ ቀዳዳ ስድስት ወይም ስምንት ይበሳ። በርብራቡ ሁሉ ሆድ መካከል ለመካከል ጠባብ ቦይ ፍቆ የቀለጠ ሰም ማፍሰስ ነው፤ ንቧ ሥራዋን ከዚያ መሥመር ላይ ትጀምራለች። ክዳኑ የሣር ይሁን፤ ቈርቈሮ ያለው ሰውም ከሥሩ ጭድ ያንጥፍበት።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰብ ቀየውን ጥሎ ተሰደደ፤ ሲመለስም ቀፎው ተሰብሮ ወይም ንቡ ጠፍቶ ያገኘ ሰው ጥቂት አይደለም። በሬ የሞተበት ሰው ሌላ በሬ ለመግዛት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። የንብ መንጋ ግን በመስከረምና በጥቅምት ራሱ ከዛፍ ላይ ያርፋል፤ ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ ሰም ተቀብቶ ከተሰቀለለት ይገባል። ይህን ያልኩት ንብ ሀብትን ሁሉ ትተካለች ለማለት አይደለም፤ ባዶ እጁን ለሚጀምር ሰው ግን ከርስዋ የቀለለ ከብት አላውቅም። በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የተሰየመው የሰቈጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የወጣ ነው። ማር ተሽጦ ለሕፃን እንቍላልና ወተት ቢገዛበት ለዚሁ ይረዳል። ማሩን ራሱን ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማቅመስ አይገባም፤ ሆዱ ገና ስላልጠነከረ በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ጀርም መርዝ ሊያፈራበት ይችላልና። ይህን እናቶቻችን ሊያውቁት ያስፈልጋል።

ስለ እንክብካቤው ጥቂት ልጨምር። ከጥር እስከ ሚያዝያ አበባ ስለሚጠፋ ንቡ ይራባል፤ የተራበ ንብም ቀፎውን ትቶ ይኰበልላል። በዚያን ጊዜ በሶ ወይም ሽሮ በዝርግ ሳሕን፣ የስኳር ብጥብጥም እንጨት ጣል ጣል ተደርጎበት እንዳይሰጥሙ ማቅረብ ነው። ውኃም አይጥፋ። ጕንዳን እንዳይወጣ ቀፎው በእግር ላይ ይቁም፤ በእግሩም ዙሪያ አመድ ይነስነስ፤ ዝናብ ካጠበው ይታደስ።

የፍየል ነገር ግን ያስቸግራል። ፍየል ለቤታችን ወተትም ሥጋም ናት፤ የአበርገሌ ፍየል ደግሞ በጣዕሟ የተመሰገነች ናት። ነገር ግን ንቧ የምትቀስመውን ቍጥቋጦ ቡቃያ ፍየሏ ትቀድማታለች። ከከብት የተከለሉት ተራሮች ዛሬ አረንጓዴ ሆነው የሚታዩት ስለዚህ ነው። የኔ አሳብ ፍየሏ ከግቢ ትታሰርና ሣሩ ታጭዶ ይምጣላት ነው፤ እረኛ የሆኑ ጓደኞቼ ግን በዚህ አይስማሙኝም፤ ማጨዱ በነሱ ላይ ነውና።

ማር የሚቈረጠው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊትን በወንፊት ሸፍኖ፣ የኩበት ጭስ በቀስታ ነፋ ነፋ አድርጎ፣ ከመግቢያው ርቆ ካለው ጫፍ መጀመር ነው፤ ማሩ በብዛት የሚገኘው በዚያ በኩል ነው። ከእንጀራው ከአራት እጅ ሦስቱ በሰም ካልታሸገ ይመለስ፤ ያልበሰለ ማር ውኃ ስለሚበዛበት ይቦካል። እጭ ያለባቸውን ሁሉና ለንቡ ስንቅ የሚሆኑ ጥቂት የማር እንጀራዎችን መተው ነው። ሲቈረጥም ከርብራቡ ሥር አንድ ጣት ያህል ሰም ይቅር፤ ንቡ ከዚያ ይቀጥላል። ይህ ቀፎ ከሣጥኑ የሚያንሰው በዚህ ነው፤ እንጀራው ስለሚቈረጥ ንቡ ሰሙን እንደገና ይሠራል፤ ለሰሙም ብዙ ማር ይበላል። ነገር ግን ሰሙ ለኛ ይቀራል። ማሩ ከተጨመቀ በኋላ ሰፈፉን በሙቅ ውኃ አቅልጦ በጨርቅ ማጥለልና ማቀዝቀዝ ነው። ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ሰም እኩሌታው ለሚመጣው ዓመት ርብራብ ይቀመጥ፤ የቀረውን ለጧፍ የሚፈልጉ ካህናት ከቤት ድረስ መጥተው ይገዙታል።