ለበዓል በቤታችን የሚሠራ ከረሜላ

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ልጃገረዶች አበባ ይዘው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ወንዶቹም ሥዕል ሥለው ያድላሉ። እኛም ሳንቲም እንሰጣለን፤ ወይም ዳቦ እንቆርሳለን። ገና፣ ፋሲካ፣ ዒድም ሲደርስ ልጅ ያለበት ቤት ጣፋጭ ነገር ይፈለግበታል። ቀድሞ የበዓል ጣፋጭ ማር ነበር። በአገራችን ስኳር በፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ነው። ዛሬ ግን አንድ ብርጭቆ ስኳርና አንድ ብርጭቆ ሰሊጥ ያለው ቤተሰብ ከረሜላውን ራሱ ሠርቶ ልጆቹን ሊያስደስት ይችላል።

ታዲያ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ይሞክረውና ይተወዋል። አንዱ «አሸዋ ሆነብኝ» ይላል። ሌላው «አረረብኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጥርስ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ» ይላል። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ሁሉም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ካወቅን እናስተካክለዋለን። ከዚህም በላይ የፈላ ስኳር ክፉኛ ያቃጥላልና ሳያውቁ መሥራት በዓሉን ወደ ለቅሶ ሊለውጠው ይችላል።

1. ስኳር ሲፈላ ምን ይሆናል?

ስኳርና ውሃ አብረው ሲጣዱ ስኳሩ ይሟሟል። ሲፈላ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ስኳሩ ይቀራል። ውሃው እያነሰ በሄደ መጠን የድስቱ ሙቀት እየጨመረ ይሄዳል። በባሕር ጠረፍ ቢለካ 115 ዲግሪ ገደማ ላይ የወረደ ስኳር ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። 150 ገደማ ላይ የወረደው ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ይቀላል፤ ቀጥሎ ይጠቁርና ይመራል። እንግዲህ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ቶሎ የወረደው ነው፤ የሚመረው ደግሞ የዘገየው ነው ማለት ነው።

የሙቀት መለኪያ ከሌለን በምን እናውቃለን? አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገባችን እናስቀምጣለን። ድስቱን ከእሳት አውርደን በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ወደ ውሃው እንጥላለን። ጠብታው ከቀዘቀዘ በኋላ በጣታችን ስንነካው እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ገና ነው፤ መልሰን እንጥደዋለን። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

ይህ መፈተኛ ለደጋ አገር ሰው ከመለኪያውም ይሻላል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ በ92 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈውን ቁጥር ደጋ ላይ ብንከተል ከረሜላው ከሚገባው በላይ ይበስላል። የስኒው ውሃ ግን ቆላም ደጋም አንድ ነው።

አሸዋ መሆኑስ ከምን ይመጣል? ስኳር ሲደርቅ ወደ ቅንጣትነቱ መመለስ ይወዳል። በድስቱ ግድግዳ ላይ የቀረ አንድ ያልሟሟ ቅንጣት ሌላውን ይስባል፤ ማማሰልም ይህንኑ ያፋጥነዋል። ስለሆነም ስኳሩ ከሟሟ በኋላ አናማስለውም። መፍላት ሲጀምር ድስቱን ለ2 ደቂቃ ብንከድነው እንፋሎቱ ራሱ ግድግዳውን ያጥበዋል። ጥቂት ሎሚም ይረዳል። የሎሚው አሲድ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ሁለት ቀላል ስኳሮች ይከፍለዋል፤ እነርሱም ቅንጣቶቹ እንዳይያያዙ ይከለክላሉ።

2. የሰሊጥ ከረሜላ

ሰሊጥ በሁመራና በመተማ በብዛት ይመረታል። ይህ ከረሜላ ቅቤም ወተትም ስለሌለው በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ለጿሚ ይሆናል። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

1 ብርጭቆ የተለቀመና ታጥቦ የደረቀ ሰሊጥ፤
1 ብርጭቆ ስኳር፤
ሩብ ብርጭቆ ውሃ፤
1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፤
ቁንጥር ጨው፤
ለትሪው መቀቢያ ጥቂት ዘይት።

«እኔ በዓይኔ እመጥናለሁ» የሚሉ እናቶች አሉ። ለወጥ እውነት ነው፤ ወጥ ቢቀጥን ይስተካከላል። ስኳር ግን አንዴ ካረረ አይመለስም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ እንለካ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስኳሩ ከመጣዱ በፊት ትሪው ዘይት ይቀባ፤ ቢላዋውና አንድ ንጹሕ ጠርሙስም ዘይት ተቀብተው ይቀመጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ሰሊጡን በብረት ምጣድ፣ በለዘብታ እሳት እያማሰልን እንቆላለን። መንጣጣት ሲጀምርና ወርቅማ ሲሆን እናወጣዋለን። ካረረ ይመራል።

ለ. ስኳሩን፣ ውሃውንና ሎሚውን በወፍራም ድስት ጥደን እስኪሟሟ ብቻ እናማስላለን። ከዚያ ማንኪያውን እናስቀምጥ።

ሐ. ሲፈላ ለ2 ደቂቃ ከድነን እንከፍታለን። አረፋው እየከበደ ሲሄድ በስኒው ውሃ እንፈትናለን።

መ. ጠብታው ቀጭ ብሎ ሲሰበርና ስኳሩ የማር ቀለም ሲይዝ ከእሳት እናወርደዋለን። ሰሊጡንና ጨውን ጨምረን ቶሎ ቶሎ እናዋሕዳለን።

ሠ. ትሪው ላይ ገልብጠን በጠርሙሱ እየደመጥን እናሳሳዋለን፤ ሳይደርቅም በቢላዋ እንቆርጠዋለን። ከቀዘቀዘ በኋላ ለመቁረጥ ብንሞክር ይፈረካከሳል።

በሰሊጥ ፈንታ የተቆላና የተላጠ ኦቾሎኒ በዚሁ ልክ ይሆናል። ነገር ግን የሻገተውን፣ የጨማደደውንና የጠቆረውን ለይተን እንጣል። ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም በመቆላት አይጠፋም።

3. በቅቤ የሚሠራው

ስኳርና ቅቤ አብሮ ፈልቶ የሚሠራው ከረሜላ ቶፊ ይባላል። ይህ ለፍስክ ቀን ነው። 1 ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ለጋ ቅቤ፣ ሩብ ብርጭቆ ውሃና ቁንጥር ጨው ይበቃዋል። ቅቤው ያልተነጠረና ያልተቀመመ ይሁን። ለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው ጥቂት ውሃ ቅቤውና ስኳሩ እንዲዋሐዱ ይረዳል፤ ንጥር ቅቤ ግን ቶሎ ይለያል።

እዚህ ላይ ሥራው ከሰሊጡ ይለያል። ቅቤ ያለበት ስኳር ቶሎ ስለሚያርር በለዘብታ እሳት፣ በረጅም የእንጨት ማማሰያ፣ ቀስ እየተባለ ሳያቋርጡ ይማሰላል። ቅቤው ተለይቶ ከላይ ከተንሳፈፈ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥንቃቄ ጨምረን ማማሰል ነው። ሲጨመር ስለሚንጣጣ ፊታችንን እናርቅ። መድረሱን በዚያው በስኒው ውሃ እናውቃለን።

4. ከቃጠሎ እንጠንቀቅ

የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል። አንደኛ፣ ሙቀቱ በጣም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ውሃ ወርዶ ይፈስሳል፤ ስኳር ግን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ከረሜላ በሚሠራበት ሰዓት ሕፃን በምድጃው አጠገብ አይገኝ። ድስቱ ጉልቻው ላይ በደንብ ይቀመጥ። ማንኪያው አይላስ። በከሰል የምንሠራ ከሆነም በርና መስኮት ይከፈት።

አደጋ ቢደርስ ቶሎ ብለን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ እናፍስስበት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያንቆረቆርን ነው። ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ስኳር አንላጠው፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋል። ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና መቀባት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን ያፍናል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን፣ ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ልጅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

5. አበላሉና አቀማመጡ

በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርስን ይበላል። ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ከመቆርጠም ከምግብ በኋላ አንድ ጊዜ በልቶ አፍን መጉመጥመጥ ይሻላል። ማታ ጥርሳችንን በመፋቂያ ወይም በብሩሽ እናጽዳ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠንካራ ከረሜላና ያልተፈጨ ኦቾሎኒ አይሰጥ፤ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው እንግዳ እንዳለም እንጠይቅ።

ከረሜላ እርጥበት ስለሚስብ በክረምት ይላቆጣል። እያንዳንዱን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለን፣ ክዳኑ ግጥም በሚል ደረቅ ቆርቆሮ ወይም ማሰሮ እናስቀምጥ። የደረቀበትን ድስት መፋቅ አያስፈልግም፤ ውሃ ሞልቶ ማፍላት ነው፣ ስኳሩ ራሱ ይሟሟል።

በመጨረሻም፣ የተጠቀምንበትን ልክ በደብተራችን እንጻፈው። ከእኛ እሳትና ከእኛ ድስት ጋር የተስማማውን፣ የተበላሸብንንም ጭምር እንመዝግብ። የዛሬው ሥራ ካልተጻፈ ለከርሞ ይረሳል፤ ከተጻፈ ግን ልጃችን አንብባ ትሠራዋለች፣ ለጎረቤትም ታነብላታለች።

ጥያቄዎች

1. ከረሜላ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ለምንድን ነው?
2. ስኳሩ ከሟሟ በኋላ የማናማስለው ለምንድን ነው? በቅቤ ሲሠራስ ለምን እናማስለዋለን?
3. የሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት መድረሱን እንዴት እናውቃለን?
4. በፈላ ስኳር ለተቃጠለ ሰው መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ምን አይደረግም?
5. ለ3 ብርጭቆ ሰሊጥ ስንት ብርጭቆ ስኳርና ስንት ውሃ ያስፈልጋል? አስልታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።