ሁለት ማይክሮፎን በአንድ ማቆሚያ፦ የመካከልና የጎን ስቴሪዮ ቀረጻ

የሰው ልጅ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የሚለየው በሁለት ጆሮዎቹ አማካይነት መሆኑ ይታወቃል። ስቴሪዮ ቀረጻም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በሁለት ድምፅ ማጉያ ሲደመጥ ያማረ ቅጂ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ባለው ሬዲዮ ወይም የእጅ ስልክ ሲደመጥ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ለምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚወገድ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ በሀዲያ ዞን፣ በሶሮ ወረዳ፣ በጊምቢቹ ከተማ የያሆዴን ዜማ ለመቅረጽ ተነሣ እንበል። ያሆዴ በመስከረም ወር የሚከበር የሀዲያ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። አዛውንቱ መሪ ያዜማሉ፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በዓሉ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ በመሆኑ ቅጂው ቢበላሽ ድገሙልኝ ማለት አይቻልም።

ተማሪው ሁለቱን ማይክሮፎኖች አራርቆ ቢተክል የአንዱ አዜመኛ ድምፅ ወደ አንደኛው ማይክሮፎን ቀድሞ ይደርሳል። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ34 ሴንቲ ሜትር የርቀት ልዩነት የአንድ ሺኛ ሰከንድ መዘግየት ያስከትላል። ሁለቱ ቅጂዎች ወደ ሞኖ ሲደመሩ 500 ኸርዝ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ በግማሽ ዑደት ስለሚዘገይ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በ1500 እና በ2500 ኸርዝም እንዲሁ። (የጊምቢቹ ከፍታ ይህን ስሌት አይለውጠውም። የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም።)

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ባቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ የሁለት ምልክቶችን ድምርና ልዩነት ለስቴሪዮ የመጠቀምን ሐሳብ አስፍሯል። በዘዴው አንደኛው ማይክሮፎን ባለ ልብ ቅርጽ ሲሆን ወደ አዜመኞቹ ይዞራል፤ ምልክቱን «መ» እንበለው። ሁለተኛው ባለ ስምንት ቁጥር ቅርጽ ሲሆን ግራና ቀኝ እኩል ይሰማል፤ ከፊትና ከኋላ ግን አይሰማም። ምልክቱን «ጎ» እንበለው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ከግራ የመጣ ድምፅ የማይክሮፎኑን ስስ ሽፋን ወደ አንድ ወገን፣ ከቀኝ የመጣው ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋው የመጀመሪያው አዎንታዊ፣ ሁለተኛው አሉታዊ ምልክት ይሰጣል። እንግዲህ፦

ግራ = መ + ጎ
ቀኝ = መ − ጎ

ሁለቱ ሲደመሩ ጎ ተጣፍቶ 2መ ብቻ ይቀራል። ሞኖው ንጹሕ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ሥርጭትም የግራና የቀኝን ድምርና ልዩነት ለያይቶ መላኩ ልብ ሊባል ይገባል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የመካከሉ ማይክሮፎን በማቆሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጎኑ ከበላዩ ተዘቅዝቆ ይታሰራል። የሁለቱም ስስ ሽፋኖች በአንድ ቁም መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ከላይ ወደ ታች ያለ ጥቂት ክፍተት ብዙም አይጎዳም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት መዛነፍ ግን ያንኑ የመዘግየት ችግር መልሶ ያመጣል። የጎኑ ማይክሮፎን ፊት ወደ ግራ መዞሩ ይረጋገጥ። ከዚያም ጓደኛችን በመሪው ቦታ ቆሞ ይናገር፤ እኛም የጎኑን ብቻ በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጥን ቀስ በቀስ እናዙረው። ድምፁ እጅግ ያነሰበት አቅጣጫ ትክክለኛው ነው።

አዜመኞቹ ክብ ከሠሩስ? ማቆሚያውን መሐል መትከል ያጓጓል፤ አደጋው ግን እዚያ ነው። የሁለቱ ማይክሮፎኖች መጠን እኩል ከሆነ፣ ከፊት ለፊት 53 ዲግሪ ያህል ሲታለፍ ከግራና ከቀኝ አንደኛው ምልክት ይገለበጣል። በ135 ዲግሪ ከኋላ በግራ በኩል ለቆመ ሰው መ 0.15፣ ጎ 0.71 ስለሚሆን፣ ግራ 0.86፣ ቀኝ −0.56 ይሆናል። በሞኖ የሚቀረው 0.30 ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ለቆመው ግን 2 ነው። የተቀባዮቹ ግማሽ በሬዲዮ ጠፉ ማለት ነው። ስለዚህ ማቆሚያውን ከክቡ ውጭ አርቆ ሁሉንም በ53 ዲግሪ ግራና ቀኝ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ጎ በግማሽ ቢቀነስ ወሰኑ እስከ 90 ዲግሪ ይሰፋል። መሐል መትከል ግድ ከሆነ ደግሞ ለመካከሉ ከየአቅጣጫው እኩል የሚሰማ ማይክሮፎን ይመረጥ፤ ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉ መስለው ቢሰሙም ማንም አይጠፋም።

መ እና ጎ ሳይደባለቁ በየራሳቸው መስመር ቢቀረጹ የስቴሪዮውን ስፋት ኋላ ቤት ተቀምጦ መወሰን ይቻላል። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ሰው በግራ በኩል ቆሞ ያጨብጭብ፤ ጭብጨባው በማዳመጫው ከቀኝ ከተሰማ የጎ ምልክት ተገልብጧል።