ከኪሣራ በኋላ መታመንን ስለ መመለስ

የሚነበብ፦ 2ኛ ነገሥት 4፥1-7፤ ሉቃስ 19፥1-10፤ ያዕቆብ 5፥4

ወንድሜ ሆይ፤ ንግድህ ከስሮ፣ ዕዳህ ከሀብትህ በልጦ፣ ፊትህን ከሰው ሰውረህ እንደ ሆነ ይህ ትምህርት ለአንተ ተጽፎአል።

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ባለችው በዋጫ የሚነግድ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቡና ሳይለቀም ገንዘብ ይበደራል፤ ከገበሬውም ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን በዱቤ ይቀበላል። የቡና ዋጋ ግን የሚወሰነው ከባሕር ማዶ ነው። በ1994 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ እጅግ በወደቀ ጊዜ፣ ትጉህ የነበረውም ነጋዴ ጉዳት አገኘው። እንግዲህ መክሰር ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ከከሰሩ በኋላ መዋሸት ግን ኃጢአት ነው።

በጭንቀት ሌሊት ፈታኙ ሁለት ምክር ያመጣል። አንዱ፦ ሳይነጋ አገር ለቀህ ሂድ ይላል። ሁለተኛው፦ ቤትህን በዘመድ ስም አዙር ይላል። አንተ ብትሸሽ ግን ዋስህ ይያዛል፤ አንተን አምኖ የፈረመው ሰው በሬውን ሸጦ ይከፍላል። ይህን እያወቅህ በሰላም ልትጸልይ ትችላለህን?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለነጋዴ ኪሣራ ሥርዓት ሠራ፤ በ2013 ዓ.ም. በእርሱ ፋንታ የወጣውም ሕግ የደከመ ንግድ እንደ ገና የሚደራጅበትን መንገድ ሰጠ። ሕግ ባለዕዳውን ከጭንቅ ሊያሳርፈው ይችላል፤ መታመንን ግን ሰው በሥራው ይመልሳል። ባንክም ቢሆን ሳያበድር አስቀድሞ የቀድሞ ብድርህ እንዴት እንደ ተከፈለ ይመረምራል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ።

አንደኛ፤ ዕዳህን ቍጠር። የአበዳሪውን ስም፣ የገንዘቡን ልክና የተበደርህበትን ቀን በደብተር ጻፍ፤ ከሚስትህም አትሰውር።

ሁለተኛ፤ ሳትጠራ ሂድ። ሽማግሎችን ይዘህ ወደ እያንዳንዱ አበዳሪ ግባ፤ ያለህንና የሌለህን ተናገር፤ ልትፈጽመው የምትችለውን ቀን ብቻ ቍረጥ። ዘኬዎስ ተመላሹን በሰው ሁሉ ፊት እንደ ተናገረ አስብ።

ሦስተኛ፤ ድሀውን አስቀድም። ባለጠጋው አበዳሪ አንድ ወር ሊታገሥ ይችላል፤ ቡና ለቅማ ደመወዝዋን ያላገኘች ሴት ግን ልጆችዋ ማታ ይበላሉ። ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስተምሮአል።

አራተኛ፤ ጥቂት ቢሆንም በቀኑ ክፈል፤ ደረሰኝም ተቀበል። አንድ ጊዜ ብዙ ከፍሎ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ በየወሩ ጥቂት ይዞ የሚመጣው ይታመናል። አሮጌውን ዕዳ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ አትውሰድ፤ ጕድጓዱን ታጠልቀዋለህና።

አምስተኛ፤ በትንሽ ነገር ታማኝነትህን አሳይ። በዕቁብ አስቀድሞ ዕጣ የሚወስድ ሰው ባለዕዳ ነው፤ በመጨረሻ የሚወስድ ግን ለባልንጀሮቹ አበዳሪ ነው። እንግዲህ ከምትችለው በማይበልጥ ትንሽ ዕቁብ ግባ፤ የመጨረሻውንም ተራ ለምን። እስከ ፍጻሜው ሳታጓድል ብትጥል ጎረቤቶችህ ያዩሃል። ንግድህንም እስኪጸና ድረስ በእጅህ ባለው ገንዘብ ብቻ አድርግ።

አንተም አበዳሪ የሆንህ ወንድም፤ ስማ። የነቢዩ ባልደረባ ሚስት ባልዋ ሞቶ አበዳሪው ልጆችዋን ሊወስድ በመጣ ጊዜ፣ ጎረቤቶችዋ ድህነትዋን እያወቁ ባዶ ማድጋቸውን አዋሱአት። ኤልሳዕም ዘይቱን ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ማድጋ የሚያውስ ጎረቤት ባይኖር ዘይቱ በምን ይቀዳ ነበር? እውነቱን የተናገረውን ባለዕዳ በገበያ አታዋርደው፤ ሠርቶ የሚከፍልበትን ጊዜ ስጠው።

ወንድሜ ሆይ፤ ዛሬ ደብተሩን ክፈት፤ ነገም ወደ መጀመሪያው አበዳሪ ቤት ሂድ። እግዚአብሔር እውነትን ለመናገር ብርታት፣ ለመክፈልም ትዕግሥት ይስጥህ። አሜን።