ውሻ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ወጪ

ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከሚጠበቁበት መጠለያ ሄዶ አንዱን መርጦ ማሳደግ ርኅራኄ ያለበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ውሻው በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ስለተሰጠው ወጪው በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ወጪው የሚጀምረው ግን ውሻው ግቢ ከገባ በኋላ ነው፤ ባለቤቱ ሳይከፍል ያስቀረውንም አንዳንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ በሕይወቱ ይከፍለዋል።

ይህን የምንለው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። በመላው ዓለም በየዓመቱ 59,000 የሚያህሉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ የአፍሪካና የእስያ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከመቶው 99 እጅ ለሚሆኑት በሽታው የደረሰባቸው ከውሻ ነው። ሕፃን ቁመቱ አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ ፊቱንና ራሱን ይነከሳል። የበሽታው ተሐዋሲ በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል ስለሚጓዝ፣ ቁስሉ ለራስ በቀረበ መጠን ጊዜው ያጥራል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። በደኅና የተያዘ ውሻ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል። የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት በ3 ወሩ ተወግቶ በየዓመቱ ይደገምለታል። የትል መድኃኒት በ3 ወር አንድ ጊዜ ቢሰጠው በ10 ዓመት 40 ጊዜ ይሆናል። በዚህ ላይ የዕለት ምግቡ፣ ማሰሪያውና ማደሪያው አለ። ሴት እንደሆነች እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ብቻ ነውና፣ የማምከኛ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ቡችሎቿ ዞሮ ዞሮ መንገድ ላይ ይጣላሉ። በሌላው ወገን የተነከሰው ሰው ወጪ ይጻፍ፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 መርፌ፣ ቁስሉ የከፋ እንደሆነ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት፣ የመመላለሻ ገንዘብና ከሥራ የቀረበት ቀን ነው። መምህራን የየከተማቸውን ዋጋ አስገብተው ይህን የሒሳብ ጥያቄ ቢያደርጉት ከብዙ ምክር ይልቅ ልብ ያስገባል።

የትሉን ነገር አቃልሎ ማየት አይገባም። በበዓል ቀን በግ በግቢ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ከዚያ ከረጢት በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ያድጋሉ፤ እንቁላላቸውም ከኩሱ ጋር ወጥቶ በእጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ውስጥ ከረጢቱ ዓመታት ፈጅቶ ስለሚያድግ፣ በሽተኛው ሕመሙ ሲሰማው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። የተበላሸውን ጉበት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ለመቅበር ግን አንድ ሳንቲም አይጠየቅም።

ውሻ ከመውሰዱ በፊት መማር ለሚፈልግ ሰው፣ በመጠለያ ጥቂት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ማገልገል ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በ1860 (እ.ኤ.አ.) ሜሪ ቲልቢ የተባለች እመቤት በለንደን ያቋቋመችው መጠለያ፣ በኋላ ባተርሲ ወደሚባለው ሠፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። ማደሪያ የጠረገና ምግብ ያደለ ሰው፣ ውሻ በቀን ምን ያህል እንደሚበላና የትኛው ጠባየ መልካም እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ነገር ግን አገልጋዩ ውሻ ከመንካቱ በፊት ራሱ መከተብ ይገባዋል፤ ይህም በ7 ቀን ልዩነት የሚወጋ ሁለት መርፌ ነው። ሲሠራ ጓንትና ቦት ጫማ ያድርግ፤ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤነኛ የሚመስለው ውሻ ሳይገደል ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ የተነከሰው ሰው ግን ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ብሎ ሕክምናውን አያዘግይ።