ሞተሩን ራስዎ ከመግጠምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ዶልፊን ሚኒባስዎ ከክምር ድንጋይ ወደ ጉና ሲወጣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ዘይት ይበላል፣ ከኋላውም ይጨሳል። መካኒኩ አይቶ ሞተሩ አልቋል ብሎዎታል። መኪና መለወጥ ደግሞ ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እየጠገኑ መያዝ የብዙ ባለመኪና ምርጫ ሆኗል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዝተው፣ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ አስመጥተው፣ ከወንድምዎ ጋር ግቢዎ ውስጥ ሊገጥሙት አስበዋል።

ይቻላል። ግን ሻጩ የሚነግርዎ የሞተሩን ዋጋ ብቻ ነው፤ ቦርሳዎን የሚያራቁተው በሞተሩ ዙሪያ ያለው ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

• የሞተሩ ወረቀት የት አለ? የሞተር ቁጥርዎ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ሊቀየር ይገባል፤ ያለዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ሲሄዱ ወይም መኪናውን ሲሸጡ ይያዛሉ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ መጀመሪያ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ምን ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፣ ከዚያ ይግዙ። ከሻጩ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ይጠይቁ። "ወረቀቱን በኋላ እልክልሃለሁ" የሚል ሻጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ላያነሳ ይችላል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተውት፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። የመድን ውልዎም ላይ የሞተር ቁጥር ካለ ማሳወቅዎን አይርሱ።

• ቀዝቅዞ እያለ ሲነሳ አይተዋል? ይህን አጥብቀው ይያዙ። ሻጭ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ሞተሩን አሙቆ ሊጠብቅዎ ይችላል፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ያለቀም ቢሆን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። መርካቶ ውስጥ በእኩለ ቀን የተነሳ ናፍጣ ሞተር፣ ኅዳር ላይ ነፋስ መውጫ ጎህ ሲቀድ አልነሳም ሊልዎ ይችላል። ጠዋት በማለዳ ይሂዱ፤ ብረቱን በእጅዎ ይንኩት። ለብ ካለ "ነገ እመለሳለሁ" ብለው ይውጡ። ሲነሳ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፤ ከዚያ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው ተበልቷል። የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ፤ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ሻይ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ቴስታታው ወይም ጓርኒሲዮኑ ችግር አለበት። ዘይቱ ዛሬ ጠዋት የተቀየረ ይመስላል? ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ።

• ለእርስዎ ከፍታ ተስተካክሏል? ሻጭ ይህን አያነሳም፤ ምናልባት አስቦትም አያውቅ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ሞተር የኖረው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጉና ራስ ደግሞ 4,100 ሜትር ያልፋል። በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ በሩብ ያህልና ከዚያም በላይ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣው ፖምፓ ለባሕር ጠለል እንደተሞላ ከቀረ፣ አየር ሳይበቃው ናፍጣ ይገባል፤ ጥቁር ጭስ፣ የነዳጅ ብክነትና ሙቀት ይከተላል። ፖምፓና ኢንጄክተር በመሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያ የት እንዳለና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድመው ይወቁ፤ ዋጋውን ከሞተሩ ዋጋ ጋር ይደምሩ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የራድያተር ክዳኑ በደንብ የሚይዝ መሆን አለበት። ሌላም አለ፦ የሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ሲለኩ አሃዙ እዚህ ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ማነሱ አያስደንግጥዎ። አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸውን ይመልከቱ፤ አንዱ ብቻውን ወርዶ ከተገኘ ያ ሞተር ይቅርብዎ።

• "ሙሉ ሞተር" ሲልዎ ምን ምን ጨምሮ ነው? በወረቀት ያስጽፉት፦ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የናፍጣ ፖምፓ፣ ኢንጄክተሮች፣ የውኃ ፖምፓ፣ ቮላኖ። "አለው" ያለው ዕቃ መኪና ላይ ሲጫን ተፈትቶ ሊቀር ስለሚችል ፎቶ ያንሱ። በቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ላይ አንድ ነገር በተለይ ይዩ፦ ፍሬኑን የሚያቀልለው ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተያያዘው። ከሌላ ሞተር የተወሰደ ተራ ዲናሞ ከታሰረበት ሞተሩ ይነሳል፣ ባትሪውም ይሞላል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ይህን የሚያውቁት ሰው ጭነው ከጉና ቁልቁል ሲወርዱ መሆን የለበትም።

• ያው ነው ወይስ "ይገጥማል"? 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ነው፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ጎን ላይ የተመታውን ራስዎ ያንብቡ። ከዚያ ወጥቶ የሌላ ሞዴል ሞተር፣ ወይም በቤንዚን ቦታ ናፍጣ ለመግጠም ካሰቡ ጉዳዩ ሌላ ነው። የሞተሩ መቀመጫ፣ ካምቢዮው፣ ማርሚታው፣ ራድያተሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ አብረው ይቀየራሉ።   መኪናው ደግሞ እንጀራዎ ነው። የሞዴል ለውጥ ከሆነ በግቢዎ አይሞክሩት። ቪትዝን የመሰለ በኮምፒዩተር የሚሠራ መኪናም እንዲሁ፤ ኮምፒዩተሩና ሽቦው ከሞተሩ ጋር ካልተስማሙ ልምድ የሌለው መካኒክ አያስነሳውም።

• ጋራንቲው ራስዎ ሲገጥሙት ይሠራል? "ካልሠራ መልስ" ማለት ቀላል ነው። ነፋስ መውጫ ላይ የተበላሸ ሞተር ጭኖ የሚመልሰው ማን ነው? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? ብዙ ጊዜ መልሱ "አንተ አበላሽተኸው ነው" ይሆናል። ጋራንቲው ስንት ቀን እንደሆነ፣ ከግዥው ቀን ወይስ ከተገጠመበት ቀን እንደሚቆጠር፣ ባለሙያ ያልገጠመውን ይቀበል እንደሆነ በደረሰኙ ጀርባ አስጽፈው ያስፈርሙ። አልፈርምም ካለ ጋራንቲ የለም ብለው ያስሉ።

• በምን ያነሡታል? ሞተሩ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ በዶልፊንም በአባዱላም የተቀመጠው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ስለዚህ መኪናውን ማንሣት ግድ ይሆናል። ከባሕር ዛፍ እንጨት ሦስት እግር ሠርቶ በገመድ መስቀል የተለመደ ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ ግን ጊዜ አይሰጥም። የሰንሰለት ማንሻ ይከራዩ፤ መኪናውን በክሪክ ብቻ አቁመው አይግቡበት፤ በሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ያስገቡ። ልጆችን ከግቢ ያስወጡ። የቴስታታና የብሮንዚና ቡሎኖች በስሜት አይጠበቁም፤ ማጥበቂያ የሚለካ ቁልፍ ከሌለዎና የሚያውሰዎ ከሌለ እነዚህን አይንኩ።

• ሞተሩ ውጭ እያለ ምን ይቀየር? የታይሚንግ ቺንጊያው፣ የፍሪሲዮን ዲስኩ፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ። "ገና ደህና ነው" የሚለውን አይስሙ፤ ቺንጊያው ሲበጠስ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ፣ የገዙት ሞተር እንዳለ ይሄዳል።

• ስንት ቀን ይቆማል? አንድ የረሱት ቡሎን ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር እስኪመጣ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ፣ ቀናት ያልፋሉ። የቆመበትን ቀን ገቢ ያስሉና ጋራዡ ከጠየቀዎ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። ጋራዡ ረክሶ ሊያገኙት ይችላሉ። ክረምት ላይ በጭቃ ግቢ ደግሞ አይጀምሩት።

• የመጀመሪያው ጉዞ ወዴት ነው? ወደ ወገዳ በገበያ ቀን፣ ሰው ሞልቶ አይሁን። ባዶውን ከተማው ዙሪያ ይንዱት፤ ቆመው ውኃውን፣ ዘይቱንና ፍሬኑን ይዩ፤ ሲቀዘቅዝ የታሰሩትን ቱቦዎች እንደገና ያጥብቁ።

• አሮጌው ሞተር የማን ነው? የእርስዎ። ሻጩ ወይም መካኒኩ "እሱን እኔ ላንሣልህ" ሲልዎ ደግነት ነው ብለው አይለፉት። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ ፖምፓው፣ አልፎም ቴስታታው ይሸጣሉ፤ ለአዲሱም መለዋወጫ ይሆኑዎታል። የሊብሬው ለውጥ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ቁጥሩ ያለበትን ብረት ከግቢዎ አያስወጡ።