የጠመንጃ መነፅር «ተሻሻለ» ሲባል ምኑ ነው የተሻሻለው?

እንደሚታወቀው ስለ ሌንስ ስንማር ሻማና ነጭ ወረቀት ይዘን ምስል እንፈልጋለን፣ ቀመሩን ሸምድደን ፈተና እናልፋለን፣ በዚያው ይረሳል። ቀመሩ የሰው ኪስ፣ ሲብስም የሰው ነፍስ እንደሚያድን የገባኝ ለእረፍት ጋይንት በገባሁ ጊዜ ነው።

ታላቅ የአጎቴ ልጅ የሚኖረው ውጭ አገር ነው፤ እዚያ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። (በእኛም አገር ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።) ነፋስ መውጫ ቡና ተፈልቶ ሳለ የሁለት መነፅር መግለጫ አወጣና «አንተ ፊዚክስ ተማሪ አይደለህ? እስቲ ፍረድ» አለኝ። የያዘው አሮጌ 3–9×40 ነው። «የተሻሻለ» የተባለው 4–12×40 ሲሆን ዋጋው እጥፍ ነው። ታዲያ ጭማሪው ያዋጣል? በአራት ነጥብ መዘንኩት።

1ኛ. ብርሃን። የፊት ሌንሱ ስፋት በማጉያው ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 40÷9 = 4.4 ሚ.ሜ፣ 40÷12 = 3.3 ሚ.ሜ። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚ.ሜ ድረስ ይከፈታል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ አዲሱን 12 ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ አሮጌውን 9 ላይ ካደረገው ይልቅ የምስሉ ድምቀት በግማሽ ገደማ ይቀንስበታል። የፊት ሌንሱ ሳይሰፋ ማጉያው ብቻ ቢጨምር መሻሻል አይባልም።

2ኛ. ልባስ። ያልተለበጠ የሌንስ ገጽ 4% ገደማ ብርሃን መልሶ ያንፀባርቃል። 10 ገጽ ቢኖር የሚያልፈው 66% ብቻ ነው። ጥሩ ልባስ ነጸብራቁን ወደ 0.5% ካወረደው 95% ያልፋል። ገንዘብ የሚወጣበት ይሄ ነው። የሁለቱ መግለጫ ግን በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት።

3ኛ. ወደ ቦታው መመለስ። ማስተካከያው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል 100 ሜትር ላይ 7 ሚ.ሜ ያህል ይንቀሳቀሳል። መነፅሩን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ አስሮ፣ 100 ሜትር ርቆ የተተከለ ልክ ያለው ሰሌዳ እያዩ 40 ወደ ላይ፣ 40 ወደ ቀኝ፣ 40 ወደ ታች፣ 40 ወደ ግራ ማዞር ነው። በየጎኑ 29 ሳ.ሜ ያህል ሄዶ መነሻው ላይ ካልተመለሰ ውድም ቢሆን አይረባም። አንድ ጥይት እንኳ አይባክንም።

4ኛ. እሽግነት። በበሽሎ ሙቀት የገባ እርጥበት ጉና ብርድ ላይ ሲደርስ ሌንሱ ውስጥ ጠል ይሆናል። ለዚህ ነው ውስጡ በደረቅ ናይትሮጅን ተሞልቶ የሚታሸገው። ስማዳ ቆላ ውሎ እስቴ ደጋ ለሚያድር ሰው ከማጉያው ይልቅ ይሄ ይጠቅመዋል። ሁለቱም እሽግ ናቸው ተብሏል።

በማግስቱ ታች ጋይንት ወርደን፣ ሊመሽ ሲል ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ማዶ አንድ ግራጫ ነገር ቁጥቋጦ ሥር ይንቀሳቀሳል። «ሚዳቋ ናት!» አለ። ይዞት በመጣው 8×40 የእጅ መነፅር (40÷8 = 5 ሚ.ሜ) ሲያይ ዝም አለ፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ጋቢ የለበሰ እረኛ ልጅ ነበር፣ ፍየሎቹን እየሰበሰበ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የጠመንጃ መነፅር ምን እንደሆነ ያልታወቀን ነገር ማጣሪያ አይደለም፤ በእሱ ያየ ሰው አፈሙዙንም አብሮ ደግኗል። መጀመሪያ በእጅ መነፅር መለየት፣ ከዚያ ወደ ጠመንጃው መሄድ ይገባል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ልባሱ፣ እሽግነቱ ወይም አመላለሱ ከተሻሻለ ዋጋው ቢጨምር ያዋጣል። 9 ወደ 12 ስላደገ ብቻ እጥፍ መክፈል ግን ቁጥር መግዛት ነው። «ወንድም ጋሼ፣ አሮጌው ይበቃሃል» አልኩት። እሱም የእጅ መነፅሩን አንገቱ ላይ እያጠለቀ «እሱስ ይበቃኛል፤ ይቺን ግን ከአንገቴ አላወርዳትም» አለኝ።