ሁለት ወፍጮ ሲነሣ ድምፁ እጥፍ ይሆናል?

በክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አጠገቡ ለቆመ ሰው 90 ዴሲቤል የሚያሰማ ወፍጮ አለ፤ ከጎኑ ሌላ ተመሳሳይ ወፍጮ ቢነሣ ድምፁ ስንት ይሆናል? ሁሉም በአንድ አፍ 180 አሉ። መልሱ 93 ነው። ደወል ተደውሎ ሲወጡ እንኳ ያላመኑኝ ስለነበሩ እዚህ በጽሑፍ ልመልስ።

ጤነኛ ጆሮ ከሚሰማው እጅግ ቀጭን ድምፅ አንሥቶ ጆሮን እስከሚያሳምመው ድረስ ያለው የኃይል ልዩነት አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ነው። ያን ሁሉ ዜሮ መደርደር ስለሚያታክት ባለሙያዎች ዜሮዎቹን መቁጠር መረጡ፦ ኃይሉ 10 ጊዜ ሲበዛ 10 ዴሲቤል ይጨመራል፣ 100 ጊዜ ሲበዛ 20፣ 1000 ጊዜ ሲበዛ 30። እጥፍ ሲሆን ግን 3 ገደማ ብቻ። (ስሙ የተወሰደው በስልክ ፈጠራው ከሚታወቀው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው።) ከ90 ወደ 180 ለመድረስ አንድ ቢሊዮን ወፍጮ ያስፈልጋል፤ የገዳሪፍ ማሽላ በሙሉ ቢመጣም አይበቃቸው።

ችግሩ ጆሮ 3 ዴሲቤልን እምብዛም አለመለየቱ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ያህል መጨመር አለበት። ጉዳቱ ግን ይህን አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 90 ከሆነ 4 ሰዓት ብቻ፣ ሁለተኛው ወፍጮ ሲጨመር ደግሞ 2 ሰዓት። ለልጅ ከዚህም ያንሳል። ባሱንዳ ውስጥ ከትምህርት በኋላ ጣሁና ቤት የሚውሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሂሳቡን ሥሩት። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የእጅ ስልክ መለኪያ ቁጥሩ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር ግን ይረዳል። ስልክ ከሌለ፣ አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ 85 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ርቀት ደግሞ ነፃ መድኃኒት ነው። ሜዳ ላይ ከሞተሩ ያለን ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፦ በ1 ሜትር 90 የነበረው በ4 ሜትር 78 ይሆናል። ቤት ውስጥ ግን ግድግዳውና ቆርቆሮው ድምፁን ስለሚመልሱት ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ዱቄት የሚጠብቅ ልጅ ወረፋውን ከደጅ ዛፍ ሥር ይጠብቅ።